ርካሹ ቢኤምደብሊው ጋይንት ሲደርስ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ አዲስ ገዢን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ለሽያጭ ሲወጣ የደላላው ስልክ ፋታ አያገኝም። በዕድሜ ከኮሮላው የሚያንስ፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ሞተሩ ጉልበተኛ የሆነ ቢኤምደብሊው ወይም መርሴዲስ ሲ ክላስ ግን ብዙ ጊዜ ገዢ አጥቶ ቆሞ ይሰነብታል። ሻጩም ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ሲያወርድ ይታያል።

"በኮሮላ ዋጋ መርሴዲስ!" የሚለው ጥሪ የሚያጓጓቸው ብዙ ናቸው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ዓመታት የሠራ፣ ወይም አረብ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን ይዞ "በስሜ አንድ ነገር ልያዝ" የሚል ወጣት ከነዚህ አንዱ ነው። ያገኛት ገንዘብ ደግሞ የአንድ ሰው ላብ ብቻ አይደለችም። የእህት ደመወዝ፣ የእቁብ ዕጣ፣ አንዳንዴም አባት የሸጡት በሬ አለባት።

ያ ርካሽ መኪና ግን ርካሽ አይደለም። ዋጋው የወረደው ቀሪው ሒሳብ ለገዢው ስለተተወለት ነው። ወደ ጋይንት ሲወጣ ደግሞ ይኸው ሒሳብ ይከብዳል።

ዋጋው ለምን ወረደ?

ገበያ ሞኝ አይደለም። ኮሮላ የሚወደደው ስላማረ ሳይሆን ሲሰበር ስለሚሠራ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው የኮሮላ ዕቃ አዲሱንም፣ ያገለገለውንም፣ የቻይናውንም እያማረጠ ይገዛል። ደብረ ታቦር ያለ መካኒክ የኮሮላን ሞተር ፈትቶ ይገጥማል። መብራቱ ቢሰበር፣ ኩሽኔታው ቢጮህ፣ ራዲያተሩ ቢያፈስ መፍትሔው ቅርብ ነው።

የጀርመን የቅንጦት አውቶሞቢል ሌላ ነገር ነው። ከሞተሩ እስከ በሩ ቁልፍ ድረስ በኮምፒውተር የተሳሰረ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት ሲበራ ችግሩን ለማወቅ ብቻ የራሱ መመርመሪያ መሣሪያና መሣሪያውን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በትዕዛዝ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው የሚሰላው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ጊዜ የመኪናው ባለቤት ደመወዝ እንደነበረ ነው፤ የመኪናው ዕቃ ግን ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጣ።

የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ላዳ የተራቀቀ መኪና አልነበረም። ሆኖም አሥርት ዓመታት የሠራው የማያውቀው ጋራዥ ስላልነበረ ነው። በኢትዮጵያ የመኪናን ዕድሜ የሚወስነው ከፋብሪካው ይልቅ በአቅራቢያው ያለው መካኒክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዳገቱና ድንጋዩ

ይኸው መኪና አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ይውጣ እንበል። እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ ችግሩ ያን ያህል አይደለም። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ ኋላም አስፋልት የለበሰው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ያደርሰዋል። ነፋስ መውጫ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከ4,100 ሜትር የሚልቀው የጉና ተራራም ከዚያው ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ባለ ተርቦ ሞተር የተሻለ ይቋቋማል፣ ነገር ግን ተርቦው ንጹሕ ዘይትና ጤነኛ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሃያ ዓመት የሠራ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ተርቦ በዚያ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ወደ ጨጨሆ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ከአስፋልቱ ሲወጣ ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ እስቴ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሹፌሮች ለምን አይሱዙ፣ ላንድክሩዘርና ፒክ አፕ እንደሚመርጡ ያውቃል። የስፖርት አውቶሞቢል ሆዱ ከመሬት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። በክረምት ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ መሃል ላይ የቆመ አንድ ድንጋይ የዘይት ኮፓውን ቀዶ ሞተሩን ያለ ዘይት ሊያስቀረው ይችላል።

"ቪትዝም እኮ ዝቅተኛ ናት" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ቪትዝ ግን ቀላል ናት፤ ጎማዋም ወፈር ያለ ስለሆነ የድንጋዩን ምት ይውጣል። የስፖርት መኪና ጎማ ጎኑ ስስ ነው፤ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ የቢኤምደብሊው ሞዴሎች ስኮርታ ጎማ የላቸውም። የተገጠመላቸው ልዩ ጎማ ተንፍሶም ቢሆን በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ የተሠራ ነው። ሐሳቡ በጀርመን አውራ ጎዳና ላይ መልካም ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጎማ መሸጫ ይገኛላ! አርብ ገበያ መንገድ ላይ ጎኑ በድንጋይ የተቀደደ ጎማ ግን ጎሚስታ አይለጥፈውም። ተተኪው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ።

ነዳጁም አለ። ማደያው ባዶ ሲሆን ቤንዚን የሚገኘው በጀሪካንና በሃይላንድ ነው። ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። አሮጌ ኮሮላ እያሳለ ይሄድበታል። ጥራት ላለው ነዳጅ የተሠራ ሞተር ግን መጀመሪያ መብራት ያበራል፣ ቀጥሎ ይቆማል።

በዚህ አገር ከባድ ነገር በመንኮራኩር ሲጎተት የአሁኑ የመጀመሪያ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ገደሉን እያስናዱ፣ ድንጋዩን እያስፈለጡ፣ መንገዱን አስቀድመው እያስጠረጉ ነው መድፉን ያስከተሉት። የዛሬው ገዢ መኪናውን አስቀድሞ መንገዱን ቆይቶ ያስባል።

"መኪና ባንክ ነው"

ለቅንጦት መኪና የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ነው። በብር ያስቀመጠ ከሰረ፣ መኪና የገዛ አተረፈ ይባላል። ላለፉት ዓመታት አባባሉ እውነት ነበር። ምክንያቱ ግን የመኪናው ጥሩነት ሳይሆን ሕጉ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሰባት ዓመት ባለፈው ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲስ የማይገባ ከሆነ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ይወደዳል። በዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እዚህ ሲያረጅ የሚወደደው ለዚህ ነው።

ይህ ጥቅም ግን ለሁሉም መኪና እኩል አልደረሰም። ባንክ የሚባለው በፈለጉት ቀን ገንዘብ የሚሰጥ ነው። ኮሮላና ቪትዝ ጠዋት ቢወጡ ማታ ይሸጣሉ። የቅንጦት አውቶሞቢል ገዢው ጥቂት ነው። ጥቂቱ ገዢም የመጀመሪያ ጥያቄው "ምን ተቀይሮለታል?" የሚል ነው። እናት ታመው ወይም እህት ካለችበት አገር ተባርራ ገንዘብ በአስቸኳይ ሲፈለግ ያ መኪና ደንበኛውን ደጅ አቁሞ በሩን እንደዘጋ ባንክ ነው።

ለከተማ የተቆረጠ ሕግ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ታክስ ነፃ አደረገ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ሐሳቡ ተገቢ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪም በር ከፍቷል። ለጋይንት ነዋሪ ግን የተከፈተው በር ግድግዳ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ዳገት። የኤሌክትሪክ መኪና ይወጣው ይሆናል፤ መብራት በሚሄድበት፣ ፈጣን ቻርጀር በሌለበት ከተማ ምን ተሞልቶ ይመለሳል? ወደ ወገዳ ልቀጥል ቢልስ?

ስለዚህ ገጠሬው አዲሱ አይሆነውም፣ የሚሆነው ፒክ አፕ አይደረስበትም። መሃል ላይ የቀረለት አሮጌ የነዳጅ መኪና ነው። ከአሮጌዎቹ ውስጥ ደግሞ ዋጋው የሚቀመሰው ማንም ያልፈለገው የቅንጦት አውቶሞቢል ነው። ሕግ አውጪዎች ለተራራማ ወረዳዎች የሚሆኑ የሥራ መኪኖችን፣ ፒክ አፕና አነስተኛ የጭነት መኪናን፣ ለይተው ሊያዩ ይገባል። የወላድ እናት ቃሬዛ አሁንም በትከሻ በሚሄድበት አገር የመኪና ፖሊሲ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ክብርና አደጋ

ወጣቱ ይህን ሁሉ ሰምቶም ሊገዛ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚገዛው ክብር ነው። ለጥምቀት ወይም ለጥር ሠርግ በእግሩ ወይም በአይሱዙ ጋቢና የገባ ሰውና መርሴዲስ አቁሞ የወረደ ሰው እኩል እንደማይታዩ ያውቃል። "የእገሌ ልጅ መኪና ይዞ መጣ" መባል ለእናት ደስታ ነው። ይህን ማጣጣል አይገባም። ዓመታት የተንከራተተ ሰው ድካሙ እንዲታይለት መፈለጉ ሰውኛ ነው።

ነገር ግን ጊዜው ተለውጧል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ መንገደኛ ይታገታል፣ ማስለቀቂያ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ የሚያብረቀርቅ መኪና "እዚህ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው አለ" የሚል ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን የሚያነበው ዘመድ ብቻ አይደለም። ሊታይ የተገዛው መኪና ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት ምልክት ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለማን ይሆናል?

ይህ ሁሉ ሲባል ያገለገለ የቅንጦት አውቶሞቢል ለማንም አይሆንም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖር፣ አስፋልት የማይለቅ፣ ለጥገና የተለየ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ቢገዛው ይደሰትበታል። አነዳዱ በእርግጥም ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ብር ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ እነዚህን ይይ፦

• የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፤ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑን፣ ከመዝገቡ።

• ከቀረጥ ነፃ ገብቶ እንደሆነ። የኤምባሲና የድርጅት መኪኖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ተመሳሳይ መብት ለሌለው ገዢ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። በውክልና ብቻ "ያዘው" የሚል ሻጭ ችግሩን እያስተላለፈ ነው።

• በመመርመሪያ ኮምፒውተር መታየቱን፣ ያውም ገዢው ራሱ በመረጠው ጋራዥ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ መብራቱን ማጥፋት ከባድ አይደለም።

• ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ ምን ድምፅና ጭስ እንዳለው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ነው።

• ጎማ፣ ፍሬን፣ አሞርዛተርና የማቀዝቀዣ ዕቃዎች ዛሬ ስንት እንደሚሸጡ። ድምሩ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚያስደነግጥ ከሆነ ርካሽ የተባለው ዋጋ ያኔ ይገለጣል።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር የሚመላለሰው ግን ሌላ ምርጫ አለው። ባሕር ዳር ላይ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ይዞ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ አንድ ነው። ከሁለት ሦስት ዘመድ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድርሻውን በውል አስጽፎ፣ ለሥራ የሚሆን ፒክ አፕ መግዛት ሌላው ነው። ፒክ አፑ ለጥምቀትም ይደርሳል፣ እህልም ያወርዳል፣ የታመመ ሰውም ደብረ ታቦር ያደርሳል።

ገንዘብ የምትልከው እህትም ድርሻ አላት። "መኪና ልገዛ ነው" የሚል ድምፅ በስልክ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ ሲሰበር ማን ይሠራዋል? ዕቃውስ ከየት ይመጣል? ወንድሟ ለነዚህ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ገንዘቡ እሷ ዘንድ ይቆይ።