«ፌርፋክስ» ስንት ባይት ይይዛል?

የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። «ፌርፋክስ» የሚለው ስም ከመዝጊያው ዜሮ ጋር 16 ባይት ይሻል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው የዚህ ጎዳና ምግብ ቤቶች በሲ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም በሰንሰለት ተመዘገቡ እንበል። እያንዳንዱ መዝገብ የስሙንና የቀጣዩን መዝገብ አድራሻ ይይዛል፤ ስሙ ግን ለብቻው በማሎክ የተወሰደ ቦታ አለው።

መዝገቡ ቀድሞ በፍሪ ከተለቀቀ ስሙ ያለ ባለቤት ይቀራል። ከተለቀቀው መዝገብ የቀጣዩን አድራሻ ማንበብ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቤቱን አስረክቦ በአሮጌው ቁልፍ እንደ መመለስ ነው፤ አንዳንዴ ቤቱ ባዶ ነው፣ አንዳንዴ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ የቀጣዩን አድራሻ ለብቻ መያዝ፣ ስሙን መልቀቅ፣ ከዚያ መዝገቡን።

«ፕሮግራሙ ሲያበቃ ሲስተሙ ራሱ ይሰበስበዋል» የሚሉ አሉ። ለአጭር ፕሮግራም እውነት ነው፤ ለወራት ሳይቋረጥ ለሚሠራ ሰርቨር ግን ሰበብ ነው። ጠቋሚውን ባዶ ማድረግም፣ መልካም ልማድ ቢሆንም፣ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ የአድራሻው ቅጂ ሌላ ቦታ ካለ አይነካም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሊወሰን፣ የሚለቅቀው ፈንክሽንም ከሚወስደው ጋር በአንድ ቀን ሊጻፍ ይገባል።

የክሮሚየም መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቁት ከከባድ የደኅንነት ስሕተቶቻቸው 70 በመቶ ያህሉ የማህደረ ትውስታ ናቸው፤ የእነዚህም ግማሽ የተለቀቀን ቦታ መልሶ መጠቀም ነው። እነርሱ የሚጽፉት በአብዛኛው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ በሲ ደግሞ መከላከያው ያንሳል። ይህን ስሕተት በሙከራ ወቅት የሚይዘው አድሬስ ሳኒታይዘር በጂሲሲና በክላንግ ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ ሳያበሩት ፕሮግራም ለሕዝብ ማውጣት ቸልተኝነት ነው።