ፍራሽ በሴንቲ ሳይሆን በኪሎ ይገዛ

የሰሊጡን ውሎ ማታ እንለጥፋለን። አሁን ከትክል ድንጋይ የደረሰንን ጥያቄ ላንሳ። ጠያቂያችን የጥጥና የማሽላ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ጎንደር ከተማ ኮንዶሚኒየም ላይ ስቱዲዮ ተከራይታለች። «ስፖንጅ ይሞቃታል፣ ጠረኑም አልተስማማትም። የጥጥ ፍራሽ ልግዛላት ብል ሱቁ ሁሉ ስፖንጅ ነው። ጥጥ በኩንታል እየሸጥኩ ለልጄ የጥጥ ፍራሽ ላጣ?» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ከሳንጃ ወዲያ ካለው ቆላ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በትክል ድንጋይ ነው የሚያልፈው። ጥጡ በደጃቸው ያልፋል፤ ፍራሹ ግን ከውጭ በመጣ ኬሚካል የተሠራ ነው። ስፖንጅ መነሻው ነዳጅ ነው፤ አገር ውስጥ ተነፍቶ ቢቆረጥም ጥሬ ዕቃው የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብር ማለፉን እናንተ ላኪዎች ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አስመጪው ያንን ልዩነት ከኪሱ አይከፍለውም። ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ውፍረቱን ሳይነካ ክብደቱን ይቀንሳል።

ይቺ ሁለተኛዋ ናት አደገኛዋ። ገዢው «ሜትር ከሃያ፣ በ15 ሴንቲ» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩም ሜትር ያወጣል። ሚዛን የሚያወጣ የለም። ስፋቱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.90፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ የሆነ ስፖንጅ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ከሆነ ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ 30 ኪሎ ከሆነ ደግሞ ወደ 10። በዓይን አይለዩም። ቀላሉ ቶሎ መሃሉ ይጎደጉዳል። ሰሊጥ ሲገዛ ንጽህናውን በመቶኛ የሚያስለካ ነጋዴ ፍራሽ ሲገዛ በእጁ ጫን አድርጎ «ጥሩ ነው» ብሎ ሲሄድ ይገርመኛል።

ወደ ጥጡ እንምጣ። ያው መጠን ያለው የጥጥ ፍራሽ እንደ አሞላሉ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ጥጥ ይበላል። 25 እንበል። መቶ ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ መዳመጫ ገብቶ የሚወጣው የተዳመጠ ጥጥ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው፤ የቀረው ፍሬ ወደ ዘይት መጭመቂያ ሄዶ ፋጉሎው ለከብት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፍራሽ ማለት ከገበሬው እጅ 70 ኪሎ ገደማ ጥጥ ማለት ነው። የተዳመጠውን የኪሎ ዋጋ በ25 አባዙት፣ የአቡጀዲና የእጅ ዋጋ ጨምሩበት፤ ከዚያ ከጥሩው፣ ከከባዱ ስፖንጅ ጋር አወዳድሩት። ከቀላሉ ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም።

ደግሞ ለፍራሽ አንደኛ ደረጃ ጥጥ አያስፈልግም። ፈታይ ፋብሪካ የክሩን ርዝመት ይፈልጋል፤ ያጠረውን፣ ዝናብ ያገኘውንና ቀለሙ የደበዘዘውን ዋጋ ይቆርጥበታል፣ ወይ ይመልሰዋል። ለመኝታ ግን ደረቅና ንጹህ እስከሆነ ድረስ ያ ጥጥ ምን ጎደለው? እዚህ ላይ ነው ዩኒየኖቻችንን የምወቅሰው። በመጨረሻው ለቀማ የሚገኘውን ጥጥ በድርድር ከመጣል «የፍራሽ ጥጥ» ብሎ ለይቶ፣ አስዳምጦ፣ በ25 ኪሎ አስሮ ጎንደርና ባሕር ዳር ለፍራሽ ሠሪ ማቅረብ ምን ይከለክላል? ከተማው ሁሉ ወደ ኮንዶሚኒየም እየገባ አልጋ ይገዛል። ገዢው አለ፣ ጥጡም አለ፤ መሃል ላይ ያለው ሰው ነው የጠፋው። በ2003 መንግሥት ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የከለከለ ጊዜ ምርት ይዞ ፋብሪካ ብቻ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አይተናል።

ሻጭ «ጥጥ ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ፤ ብጣሽ ጨርቅና ፋይበር ተቀላቅሎ ይሞላል። ስፌቱን ትንሽ ይፍቱ፣ ቆንጠር አድርገው ከደጅ በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፋይበር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ለጠባብ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ አልደብቅም። የጥጥ ፍራሽ ከባድ ነው፣ ሊፍት በሌለበት አራተኛ ፎቅ ማውጣት ራሱ ሥራ ነው። እርጥበት ይስባል። በጎንደር ክረምት ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ ከሥሩ ይሻግታል፤ ስለዚህ አየር የሚያስገባ የጣውላ ርብራብ ያለው አልጋ ይሁን፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር በረንዳ ላይ ይሰጣ። ውፍረቱንም ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ቢያደርጉት ክብደቱ ይቀንሳል፣ ለማጠፍም ይመቻል። እያደር ይጠቀጠቃል፤ ያኔ ተፈትቶ እንደገና ይነደፋል። እናቶቻችን በደጋን የሚነድፉት ባዘቶ ለነጠላ ብቻ አልነበረም። ስፖንጅ አንዴ ከጎደጎደ የሚነድፈው የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምግብ በሚበስልበት ክፍል ሁለቱም እሳት ይፈራሉ። ጥጥ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል፣ ስፖንጅ ደግሞ ፈጥኖ ነዶ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ይራቅ።

የበግ ጸጉር ያነሳችሁም አላችሁ። የዳባትና የደባርቅ ደጋ ጸጉር ሻካራ ነው፣ ባናና ዝተት የሚሠራበት ነው፤ ግን ከጥጥ ይልቅ ተጭኖ ሲለቀቅ ይነሳል፣ ለብርድም ይሻላል። ስቡ በደንብ መታጠብ አለበት፣ ብልም ይወደዋል። እኔ ብሆን ከሥር ጥጥ፣ ከላይ ስስ የጸጉር ንጣፍ አደርግ ነበር።

ለትክል ድንጋዩ ጠያቂያችን፦ ሱቅ መዞሩን ይተዉት። 20 ኪሎ ደረቅ የተዳመጠ ጥጥ ከራስዎ ጭነት ለይተው ያስቀምጡ፣ ጎንደር ላይ ፍራሽ ሠሪ ዘንድ ይውሰዱትና እርስዎ ቆመው እያዩ ይሞላ። ካልቸኮሉ አዲሱ ለቀማ እስኪገባ ይጠብቁ፤ ከኅዳር ወዲያ ጥጡም ይደርቃል፣ ለመደራደርም ይመቻል።