የዳዊቱ ባዶ ቅጠል

በአጣዬ አንድ አባወራ ሲያርፉ በመቃብር አፋፍ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ እምብዛም አያልፍም፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፣ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ዐረፉ ይልና፣ ስሙን ብቻ ለውጠው ለሚቀጥለው ሟች ቢያነቡት የሚያስተውል እስኪጠፋ ድረስ፣ ሰውየውን ከገዛ ታሪካቸው አስወጥቶ ይቀብራቸዋል።

ይህን የምለው ጎረቤቴ የነበሩትን አንድ አዛውንት እያሰብሁ ነው። ማሽላና ማሾ እየዘሩ ልጆች ያሳደጉ፣ እሑድ ሌሊት ነጠላቸውን አመሳቅለው ለኪዳን የሚገሰግሱ፣ የሰንበቴ ተራቸውንም በክፉ ዘመን እንኳ ያላጎደሉ ሰው ነበሩ። ከጽዋው ሲመለሱ ከዳቦው ቁራሽ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡና፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ከታናሹ ልጅ ጀምረው እያማተቡ ያድላሉ፤ የመጨረሻው ለባለቤታቸው ነው፤ ለራሳቸው የሚቀረው በነጠላው ላይ የተራገፈው ፍርፋሪ ነበር። ቁጡም ነበሩ፤ ሞተዋል ብዬ አልክድም። ቅዳሴ ያረፈደ ልጅ ያን ቀን ከአጠገባቸው አይደርስም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ራሳቸው ጠርተው ያስታርቁት ነበር።

እንደ ቀድሞ ሰው ሁሉ የልጆቻቸውን ልደትና የክርስትና ስም የጻፉት በዳዊታቸው መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውም ዳዊታቸውም ዐመድ ሆኑ። ከስደት ሲመለሱ አስቀድመው የገዙት የተማሪ ደብተር ነው፤ የጠፋውን እያሰቡ፣ ሲጠራጠሩ ባለቤታቸውን እየጠየቁ፣ እንደ ገና ጻፉት።

በልጅ እጅ የተጻፈ የአባት ትዝታ ግን ይተርፋል፤ ደራሲው መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን እያናገሩ የመዘገቡት «መጽሐፈ ትዝታ» በ1959 ዓ.ም. ታትሞ ስላገኘነው፣ ያለፈው ዘመን የቤተ ክህነት ኑሮ ከነለዛው ከእጃችን አልወጣም። ያ የሊቅ ልጅ ሊቅ ስለ ሆነ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅ አለ፤ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ የያዘም ብዙ ነው። ለተዝካር በሬ የማይሰስት ቤተ ሰብ አባቱ በሕይወት ሳሉ አንድ ማታ ተቀምጦ ለመጠየቅ ለምን ይሰስታል? የዕድርና የቅሬ ጸሓፊዎችም መዋጮ ሲመዘግቡ ከየአባሉ ቤት ሁለት ሦስት ነገር ጠይቀው ቢያኖሩ፣ ደብተሩ አይጠብባቸውም። በተለይ ያን ያህል ወረቀት በነደደበት በእኛ አገር፣ ይህን ሥራ ለነገ ማሳደር የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ጎረቤቴ ባረፉ ዕለት፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድንኳኑን ሲተክሉ፣ ካህኑ ፍትሐት ለመጀመር የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። ፍትሐቱ የሚደርሰው ሰው በተጠመቀበት ስም ነውና፣ ሌላው ስም ሁሉ በዚያ ሰዓት አይረዳም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የንስሐ አባታቸው ቀድመዋቸው ዐርፈዋል፤ ባለቤታቸው በለቅሶው ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። ደብተሩ መጣ፤ የሁሉም ስም በየተራው ሰፍሯል፤ የባለቤታቸውም አለ፤ የእሳቸው ብቻ የለም። ካህኑ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ቆመው ጠበቁ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ታላቅ እኅታቸው ከገጠር ደረሱ። ከመኪናው ሳይወርዱ ሙሾ የጀመሩትን አሮጊት የበኵር ልጁ እጃቸውን ይዞ ጠየቃቸው። «ገብረ ማርያም ነዋ» አሉ፣ እንዴት አታውቅም በሚል ዐይን እያዩት። ካህኑ ወደ አስከሬኑ ሲመለሱ፣ ልጁ በድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ደብተሩን በጕልበቱ ላይ ዘረጋና ከአናቱ በተረፈው ጠባብ ስፍራ ላይ በእርሳስ ጻፈው።