ማሲንቆ በእስራኤል ትምህርት ቤቶች

ለእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር፣
ኢየሩሳሌም

የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ዜማ ወደ እስራኤል የገባው ከባለቤቶቹ ጋር ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዘመቻ ሙሴ 8 ሺህ ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል ገቡ፤ በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ አጓጓዘ። አማርኛና ትግርኛው፣ ትዝታና አምባሰሉ፣ የቄሶች የግዕዝ ጸሎት አብረው ተሳፈሩ።

አቀባበሉ ግን እንደ ጉዞው አልሆነም። በ1996 ከኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም በሽታን በመፍራት በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ታወቀና ሺዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ለተቃውሞ ወጡ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአገሪቱ ሬዲዮ አማርኛ ስንኝ ያለባቸውን ዘፈኖች ያሰማ ጀመር። ሙዚቀኛው ኢዳን ራይኸል ስደተኛ ወጣቶች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ የኢትዮጵያን ዘፈን ከልጆቹ ሰምቶ ነበር፤ በ2002 በወጣው አልበሙ ዕብራይስጡን ከአማርኛ ጋር አጣመረ። በሱዳን የስደተኞች ካምፕ የተወለደችው ካብራ ካሳይም ከራይኸል ቡድን ድምፃውያን አንዷ ሆነች። ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ከፒያኒስቱ ይጽሐቅ ይዲድ ጋር «ራስ ደሽን» የተባለ አልበም ሠራ። በ1985 የተወለደችው ድምፃዊት አስቴር ረዳ የሙሉቀን መለሰን ዘፈን ለራሷ ትውልድ አደረሰች። የዚህ ሁሉ አንዱ መነሻ አዳሪ ትምህርት ቤት መሆኑን ሚኒስቴሩ ልብ ሊለው ይገባል።

ዘፈኑ ተወደደ፤ የዘፈኑ ባለቤት ግን መንገድ ላይ ያው ተጠርጣሪ ነበር። በ2015 ፖሊሶች ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ቴል አቪቭ በተቃውሞ ተናወጠች፤ በ2019 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲሞት ቁጣው እንደገና ገነፈለ። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ከዘፋኙ ጋር መተያየት አይጠበቅበትም። ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል።

ማሲንቆ መማር ከዚህ ይለያል። ጭራው አንድ ነው፤ ድምፁ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ምልክት አንገቱ ላይ የለም። ተማሪው የመምህሩን ጣት እያየ፣ በጆሮው እየለካ፣ እየሳተ ይማራል። ከቅኝቶቹ ትዝታን ከባቲ፣ አንቺሆዬን ከአምባሰል መለየትም እንዲሁ ከሰው ፊት ተቀምጦ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ከሞሮኮ፣ ከሩሲያ ወይም ከፖላንድ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ጥቁር መምህር ፊት ተቀምጦ «እንደገና ያሳዩኝ» ሲል፣ ለዓመታት «ተቀባይ» ብቻ ተደርጎ የታየው ወገን ሰጪ ይሆናል። የዘር ንቀት የሚሸረሸረው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 የቤተ እስራኤልን በዓል ሲግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ በነጋሪትና በቃጭል የሚታጀበውን የግዕዝና የአገው ጸሎት በቃላቸው የሚያውቁት ቄሶች ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ የማሲንቆና የክራር ባለሙያዎችን በዲግሪ ማነስ ሳይገፋ በሙሉ ደመወዝ መምህር አድርጎ ይቅጠር፤ የቄሶቹን ዜማ በፈቃዳቸውና በእነርሱው መሪነት ያስቀርጽ። ትምህርቱም ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ሳይታጠር፣ አንድም ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሌለባቸው ክፍሎች ጭምር ይሰጥ።