ለአንድ ሚዛን ሌባ በረንዳው ይዘጋል?

እህል በረንዳ አንድ ነጋዴ ሚዛን ቢያጎድል የሚጠየቀው እሱው ነው፤ በሱ ሰበብ በረንዳው በሙሉ አይዘጋም። በስልካችን የምንስለው የኛ በረንዳስ? ሥዕላችንን የምናሳየውም፣ ደንበኛ የምናገኘውም ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው።

በየካቲት 2015 ዓ.ም.፣ በቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሰሞን፣ ሁለቱም ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር ተዘጉ፤ ለአምስት ወር ያህልም እንደተዘጉ ቆዩ። በቪፒኤን ሾልኮ የገባ ገባ፤ ያልቻለው ሥዕሉን ታቅፎ ተቀመጠ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ግን ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲዘረዝር ሥነ ጥበብንም ለይቶ ይጠራል። ጥላቻ የነዛ ካለ በሕግ ይጠየቅ እንላለን። ገበያውን መዝጋት ግን ሌባውንም ባለ እህሉንም እኩል መቅጣት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?