መሠረት ከመቆፈሩ በፊት

የዚህ እትም ዋና ርዕስ ከግንባታ በፊት የሚደረግ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። አዲስ አበባ በየአቅጣጫው እየፈረሰች እየተገነባች ነው፤ ስካቫተር በግማሽ ቀን ያነሣውን አፈር ደግሞ ማንም እንደነበረ ሊመልሰው አይችልም።

ከጉለሌ ሽቅብ እንጦጦን እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚያ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። የተራራው ታሪክ ግን ከእሳቸውም ይርቃል፤ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ አለበት። በ15ኛው መቶ ዘመን በቬኒሳዊው ፍራ ማውሮ ካርታ ላይ የሰፈረችው የነገሥታት ከተማ በራራም በዚሁ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደነበረች የሚሞግቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ ትክክለኛ ቦታዋ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው ያልተነካ አፈር ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለግንባታ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። መልካም ድንጋጌ ነው፤ የሚሠራው ግን ቅርሱ ከተገኘ፣ ምናልባትም ከተሰበረ በኋላ ነው። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ የአርኪዮሎጂ ጥናቱ ከግንባታው ይቅደም።

ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድና ከባለይዞታው ምን እንደሚጠበቅ በውስጥ ገጾች ያገኛሉ። እስከዚያው ግን፣ መሠረት ሲያስቆፍሩ የሸክላ ስባሪ ወይም የድንጋይ ካብ ቢገጥምዎ፣ እባክዎ ሥራውን አቁመው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።