ፊሽካ ያልተነፋበት ጥፋት



በዒደል ፊጥር ማግስት ከእንጅባራ በሚኒባስ የመጡ ወጣቶች ከዳንግላ ልጆቻችን ጋር ቅርጫት ኳስ ተጫውተው ነበር። ሜዳው አፈር ነው፤ መስመሩ በአመድ ተሰምሯል፤ ቀለበቱም መረብ የለውም። ፊሽካውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ነጥቡም እኩል ሳለ፣ አንድ የእንጅባራ ልጅ ኳሱን ወደ ቀለበቱ ሊወረውር ሲዘል ከኋላው ተገፍቶ በክርኑ ወደቀ። እኔ በዚያች ቅጽበት ዓይኔን ወደ መስመሩ መልሼ ስለነበር የገፋውን አላየሁም። እንግዶቹ ጮኹ። የእኛዎቹ ግን «ኡስታዝ፣ ፊሽካ አልተነፋም እኮ!» እያሉ ኳሱን ይዘው ለመቀጠል ፈለጉ።

በዚህ ወር ስለ ቅርጫት ኳስ ሕግ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይህ አነጋገር ነው።

በዚህ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው የሕግ ጥሰት ይባላል። ኳስን ሳያነጥሩ ይዞ መራመድ፣ አንጥረው ከያዙ በኋላ እንደገና ማንጠር፣ ኳሱን በ8 ሴኮንድ ውስጥ ከራስ ሜዳ አለማሻገር፣ በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ አለመሞከር ከዚህ ይመደባሉ። ቅጣቱ ኳሱን ለተጋጣሚ ማስረከብ ብቻ ነው። በማንም ስም ላይ አይመዘገብም።

ሁለተኛው ጥፋት ወይም ፋውል ነው። ሰውን መግፋት፣ መያዝ፣ መምታትና ማደናቀፍ ጥፋት ነው። ዳኛን ወይም ተጋጣሚን መሳደብም፣ አካል ባይነካ እንኳ፣ ጥፋት ነው። ይህ በአጥፊው ስም ይጻፋል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ 5 ጥፋት የተጻፈበት ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያ ጨዋታም አይመለስም። እየወረወረ ሳለ የተበደለ ተጫዋች ደግሞ ማንም ሳይከላከለው ነጻ ውርወራ ያገኛል።

ሕጉ የወጣበት ምክንያትም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ በብርድ ወራት በአዳራሽ ውስጥ ለሚውሉ 18 ተማሪዎቹ ጨዋታ እንዲፈጥር ታዘዘ። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ካለ እርሱን ለማስቆም ጠልፎ መጣል እንደማይቀር አሰበ። ስለዚህ ይዞ መሮጡን ራሱን ከለከለ። ከ13ቱ የመጀመሪያ ሕጎቹ አንዱም መግፋትን፣ መያዝን፣ መጥለፍንና መምታትን የሚከለክል ነበር። በመድረሳ «ሰዱ ዘራኢዕ» ብለን የተማርነው፣ ወደ ጉዳት የሚያደርሰውን በር አስቀድሞ መዝጋት፣ እዚህም ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ዑለማዎቻችንም የአላህን ሐቅና የባሮችን ሐቅ ለይተው ያስተምሩናል። አላህን ማመፅ ቀላል ነው ማለታቸው አይደለም፤ የሰው ሐቅ ግን በባለቤቱ እጅ ያለ ዕዳ ስለሆነ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኪሳራ ሰው የነገሩን ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ያ ሰው በቂያማ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አንዱን ሰድቧል፣ ሌላውን መትቷል። መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ካለቀበትም የእነርሱ ኃጢአት በእርሱ ላይ ይጫናል። መዝገቡ ዛሬም ክፍት ነው፤ የሚጽፉት መላእክትም ፊታቸውን አያዞሩም።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ልጆቹን ሰብስቤ «እኔ አላየሁም። ያየ ግን አለ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ ከእኛዎቹ አንዱ እጁን አነሣና «እኔ ነኝ፣ ኡስታዝ» አለ። ሄዶም የወደቀውን ልጅ ክንዱን ይዞ አስነሣው፤ «አውፍ በለኝ» አለው። እንግዳው 2 ነጻ ውርወራ ተሰጠው፤ አንዱን ሳተ፣ አንዱን አስገባ። በዚያች አንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ሲመለሱ ጓደኞቹ አኮረፉት፤ ብቻውን ከኋላ ቀረ። ዳር ቆመው ሲመለከቱ የነበሩት አባቱ ጠብቀውት እጁን ያዙት፤ «ዛሬ ዕዳ ይዘህ አልገባህም» ሲሉትም ሰማሁ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ከሜዳ ሲመለሱ ሁላችንም «አሸነፋችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ በፊት «ማንንም ጎድተሃል ወይ? አውፍ አባባልከው ወይ?» ብንል ምን ይጎድልብናል? እናንተም ወጣቶች፣ ኳስ ይዛችሁ ብትራመዱ የምታጡት ኳስ ነው። ወንድማችሁን ብትገፉ ግን፣ ዳኛው ባያይም፣ ወንድማችሁ ሜዳ ላይ ሳለ ሐቁን መልሱለት። ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።